ጠበቃ እናቁም ወይስ እኔው ልቁም?

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ደህና ሆነሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ቁጭ ብለሽ ያግኝሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ባለፈው በስልክ «ትንሽ ይይዘኛል» ያልሽው፣ ያ ትንሽ ምን ያህል ነው? የአንቺን ትንሽ እኔ አውቀዋለሁ፤ ድሮም ትኩሳት ሲያንቀጠቅጥሽ «ትንሽ ሞቀኝ» ነበር የምትዪው። አንሶላ ስትተኩሺ የምትውዪበት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍልስ እንዴት ነው? ያ መስኮት ተከፈተላችሁ ወይስ አሁንም «ቁልፉ ጠፍቷል» ነው? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? የትልቋ ጥርስ በቀለላት? ትንሹስ አሁንም አንድ ካልሲ ብቻ አድርጎ ነው የሚውለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ቢያስቸግራትም ምላሷ ግን እንደ ድሮው አንድም ቀዳዳ አይስትም።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምፈራሽ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እፈራሻለሁ። ዋናው ምክንያት ግን በስልክ ብጀምርልሽ ገና መሃሉ ላይ ሳልደርስ «ስንት ነው?» ብለሽ፣ ዘግተሽ፣ ትልኪያለሽ። ስለዚህ ለዕረፍት መጥታ የነበረችው የሥራ ባልደረባሽ ቅዳሜ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ቦርሳሽን እንዳትነኪ። ቃል ግቢልኝ። ገባሽ? ጎሽ።

እታለም፣ ተከሰናል። የከሰሱን ደግሞ ማን መሰሉሽ? ጋሽ ፍሬን። አዎ፣ ጎረቤታችን። አንቺን በከባድ መኪናቸው ከፍ አድርገው አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደርሱሽ የነበሩት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም መንደሩን ሁሉ «ፍሬን ያዝ!» እያሉ የሚነዱት ጋሽ ፍሬን። የእማዬ ስፌት ክፍል አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም ወደ ግቢያቸው ገብቶ ስለተሠራ ፈርሶ ቦታው ይመለስልኝ ይላል ክሱ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ወራሾቹ እኛ ስለሆንን መጥሪያው የመጣው በሦስታችን ስም ነው፤ አንደኛ ተከሳሽ እማዬ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ አንቺ፣ ሦስተኛ እኔ። እማዬ ሲነበብላት ስለ ክፍሉ አንድም ቃል ሳትናገር «ልጄ ምን አድርጋ ነው ከዚያ ድረስ የሚጠሯት?» ብላ ተቆጣች። ክፍሉ ከፈረሰ ግን ሁለቱ ማሽኖችና የመቁረጫ ጠረጴዛው የሚገቡበት የለም፤ አሁን እንኳ ለትምህርት ቤት ልጆች የምትሰፋው የደንብ ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። እማዬ ያለዚያ ክፍል ምን እንደምትሆን ላንቺ አልነግርሽም።

አሁን የሚመጣውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። አንድ ሜትር ከሃያውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

በተመረቅሁ በሳምንቱ፣ ገና ሥራ ሳልይዝ፣ እጄን ሲያሳክከኝ ከመምህሬ የቅየሳ መሣሪያ ለሁለት ቀን ተዋስኩ። ባለሦስት እግሩን ግቢ ውስጥ ተክዬ ፎቶ ብልክልሽ «ቀያሽዬ!» ብለሽ አልቅሰሽ ነበር፤ ጉዱ የተሠራው የዚያኑ ቀን ነው። በሩ አጠገብ ካለው የወሰን ድንጋይ ተነሥቼ፣ በይዞታ ካርታው ላይ ባለው አቅጣጫ መስመሩን ወደ ጓሮ ብስበው የስፌት ክፍሉን ሰንጥቆ አለፈ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ! መሣሪያው ሠራ፣ እኔም ሠራሁ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ነገር መሬት ነካ። ንድፉን ሣልኩ፤ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ፤ በር የሚያህል ፊርማ ፈረምኩበት። አንዱን ለቤታችን አስቀረሁ። ሌላውን በፕላስቲክ አስለበጥኩና ለጋሽ ፍሬን ወስጄ ሰጠኋቸው። ለምን አትበዪኝ። ለሠላሳ ዓመት ጉርብትና ማስታወሻ እንዲሆናቸው ነዋ! «ጋሼ፣ ያውቃሉ? ክፍላችን እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው ያለው!» ብዬ እየሳቅሁ። እሳቸውም «እንግዲያው ኪራይ አምጡ!» ብለው ሳቁና ግድግዳቸው ላይ፣ ከመኪናቸው ፎቶ ሥር ሰቀሉት።

ሳቁ የቆየው ልጃቸው ከነባሏ ጠቅልላ እሳቸው ጋ እስክትገባ ድረስ ነው። ባልየው ጎማ የሚሸጥበት ሱቅ ሊሠራ ቦታ ሲያማትር ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከአማቱ ውክልና ወሰደ፣ ጠበቃ አቆመ፣ የእኔን ንድፍ ከነፕላስቲኩ «ማስረጃ አንድ» ብሎ ከክሱ ጋር አያያዘው። የመጀመሪያ ሥራዬ ፍርድ ቤት የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። እማዬ «መማርሽ ደግ ነው፤ ግን አንቺ ሳትማሪም እኮ ቤት ነበረን» አለችኝ።

መልሳችንን በጽሑፍ ለማስገባት መጥሪያው ከደረሰን ጀምሮ አንድ ወር ተሰጥቶናል፤ አንዱ ሳምንት አልፏል። ቀኑ ካለፈ ያለ እኛ ቃል ይታያል። ስለዚህ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር የጠበቃ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሰነበትኩ። አንደኛው ጠበቃ መስተዋት በመስተዋት የሆነ ሕንፃ ላይ ነው ቢሮው፤ ዓሣ የሚዋኝበት ገንዳ አለው። ከሚያከራክረው ቦታ ዋጋ አሥር በመቶ፣ በዚያ ላይ ችሎት በቀረበ ቁጥር ሌላ። «ቦታው እኮ አንድ ሜትር ከሃያ ነው» ስለው «እመቤቴ፣ መሬት ጠበበ ብሎ አይረክስም» አለኝና ሰዓቱን አየ። ዓሣዎቹም ሰዓት የሚያዩ መሰለኝ። ከዚያ ወርጄ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በጃንጥላ ተቀምጠው በገጽ እያስከፈሉ ማመልከቻ ከሚጽፉት ወደ አንዱ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ጣቶቹን እያንቋቋ «ማን በደለሽ?» አለ። ነገርኩት። «ጎረቤትሽ ይጠጣል?» «ኧረ አይጠጡም።» «ይሳደባል?» «ኧረ እሳቸው…» «እህቴ፣ ቅመም ያልገባበት ማመልከቻ ዳኛ አይጥመውም! ገጹ መቶ ሃምሳ፣ ከነቅመሙ ሁለት መቶ!» እማዬ ይህን ስነግራት መቀሷን አስቀምጣ «ጋሽ ፍሬን ይጠጣሉ ብሎ የሚጽፍ እጅ አይባረክ» አለች። ከሳሻችን መሆናቸውን ረስታዋለች።

ሦስተኛዋ ጠበቃ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ለግማሽ ሰዓት ምክር አምስት መቶ ታስከፍላለች፤ ወንበሯ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። እማዬም አብራኝ ሄዳለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። እኔ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ስሌቱ አንድ ጊዜ ከጀመርኩ አልተውኩም። ጠበቃዋ እስክጨርስ ጠብቃ «ከየትኛው ድንጋይ ነው የተነሣሽው?» አለችኝ። «ከበሩ።» «ከሌላ ድንጋይ ተነሥተሽስ አረጋግጠሻል?»

እታለም፣ አላረጋገጥኩም። የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ትምህርታችን እኮ ነው፤ በአንድ ነጥብ አትመኑ፣ ከሌላው ተነሥታችሁ አረጋግጡ። የጓሮው ድንጋይ ግን ከጋሽ ፍሬን አሮጌ ጎማዎች ክምር ሥር ስለሆነ ማን ያን ሁሉ ጎማ ያነሣል ብዬ ተውኩት። ይሄኔ እማዬ ቀና አለች። «የቱ ድንጋይ? የበሩ? እሱማ የውሃ ቧንቧ ሊገባ ሲቆፈር አባትሽና ጋሽ ፍሬን ለሁለት ተሸክመው ወደ እኛ ያስጠጉት አይደል? ቦዩ ሲደፈን እንመልሰዋለን እያሉ በዚያው ቀረ» አለች። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ በሰው ቢሮ ውስጥ «እማዬ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩ። «መቼ ጠየቅሽኝ? መሣሪያሽን ነው እንጂ የጠየቅሽው!»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ አፍስሻለሁ፤ ለቀማው ነው የቀረኝ።

እንግዲህ ዋጋው እንዲህ ነው። ጠበቃዋ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ይዛ እስከ ፍርድ ድረስ ለመቆም ሠላሳ ሺህ ትጠይቃለች፤ አሥሩን አሁን፣ አሥሩን ምስክር ሲሰማ፣ አሥሩን ሲፈረድ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ያው ነው። የአምስት ወር ደመወዜ ማለት ነው፤ ሳልበላ፣ ሳልሳፈር። ያለዚያ ደግሞ መልሱን ብቻ አሳምራ ጽፋ፣ ፍርድ ቤቱ የራሱን ቀያሽ ልኮ ጎማውን አስነሥቶ ከሁለቱም ድንጋዮች እንዲያስለካ ጥያቄ አስገብታ በሦስት ሺህ ትለቀናለች። ዳኛ ፊት የምንቆመው ግን እኛው ነን። «ድንጋዩ እውነቱን ካወጣ ታዲያ የሠላሳውና የሦስቱ ልዩነት ምንድን ነው?» አልኳት። «ልዩነቱ አንቺ ነሽ» አለችኝ። የእነሱ ጠበቃ ያን ፕላስቲክ ከፍ አድርጎ «ፊርማው የማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። እሷ ከቆመች፣ ያን ቀን ፈቃድም ሥራም እንዳልነበረኝ አስረድታ ወረቀቱ ማስረጃ እንዳይባል ትከራከራለች፤ እኔ አፌን መክፈት እንኳ አያስፈልገኝም። ብቻዬን ከቆምኩ ግን በገዛ አፌ «ተሳስቻለሁ» ማለት አለብኝ፤ ይጻፋል፤ መዝገብ ላይ ይቀራል። «ቢሮሽ ውስጥ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ አላልሽኝም?» አለች በቀስታ። ባልዋሽሽ እሷ ራሷ ዋጋዋን አልገፋችም፤ «ያለ ጠበቃ የረታ ብዙ ነው፤ ቀጠሮ ረስቶ የተረታም ብዙ ነው» ብላ ነው የሸኘችን።

ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት እያየሁ የገባኝ ነገር ይኸው ነው፤ ሠላሳው ሺህ የሚገዛው የእማዬን ክፍል ሳይሆን የእኔን ክብር ነው።

በማግሥቱ ጋሽ ፍሬን ዘንድ ሄድኩ። ጎማዎቹ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጃቸውም ባሏም አልነበሩም። ለመግቢያ ያህል ስለ ጤናቸው ጠየቅሁና «ጋሼ፣ የበሩን ድንጋይ ከአባዬ ጋር አላነሡትም ነበር?» አልኳቸው። የተቀመጡበትን ጎማ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ አሁን መሪ ላይ አይደለሁም፤ ከኋላ የተጫንኩ ዕቃ ነኝ። የምታበላኝ ልጄ ናት፤ እሷን የሚነዳት ባሏ ነው» አሉ። እውነት እልሻለሁ፣ የመጣብኝ ቁጣ ሁሉ ጠፋ። ልሄድ ስነሣ ግን ወደ በሩ አየት አደረጉና «ዳኛ ፊት ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ከባዱን ጫፍ የያዘው አባትሽ ነው» አሉ። ይህን ለጠበቃዋ ብነግራት «የሽማግሌ ቃል ከግቢ እስከ ችሎት ድረስ መንገድ ላይ ብዙ ይደርስበታል፤ አትመኚው» አለችኝ። እማዬ ግን ታምናቸዋለች። አሁንም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «እንዴት አደሩ!» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አማቻቸው ካለ በሳል፣ ከሌለ በቃል ይመልሱላታል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት…» ብላ ጀምራ ነበር፤ አንቺን አስታወሰችና ዋጠችው። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከዚያ ወደ አለቃዬ ሄድኩ፤ ወደ ዋናው ቀያሽ። ከመዝገብ ከሚሰማው ከእኔ ይስማ ብዬ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ «እኔም በመጀመሪያ ዓመቴ የአንድ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ከመንገድ መሃል ላይ አስቀምጬ ነበር። ብቻ እኔ አላስለበጥኩትም» አለ። ቢሮው ሙሉ ሳቀ። አሁን ስሜ «ፕላስቲኳ» ሆኗል፤ ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ እንኳ «ፕላስቲኳ፣ ስኳር ስንት?» ትለኛለች። ነገር ግን ሳቁ ካበቃ በኋላ በሩን ዘግቶ የሙከራ ጊዜዬን በሦስት ወር ማራዘሙን ነገረኝ፤ እስከዚያ ድረስ በራሴ ፊርማ ምንም ወረቀት አይወጣም። አለቀስኩ፤ ለማንም አትናገሪ። ከየትኛውም ጠበቃ በፊት የከፈልኩት ይህን ነው፤ ከከፈልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ቀለለኝ። መዝገቡ አሁን አያስፈራኝም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ሦስቱን ሺህ ከፍዬ መልሱን እሷ ትጻፈው፤ ችሎት ላይ እኔው ልቁም። ፊርማው የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው፣ ድንጋዩም ተነሥቷል፣ ያነሡት ሰው ይኸው ከፊታችሁ አሉ፣ ጠይቋቸው ልበል። ልቤ እንዲህ ይለኛል። ግን ልቤ እኮ ያኔም «አስለብጪው» ብሎኝ ነበር! ብሳሳትስ? ጋሽ ፍሬን ዳኛ ፊት በሳል ቢመልሱስ? የጓሮው ድንጋይስ በቦታው ባይገኝ? ሁለተኛ ጊዜ ብሳሳት የሚፈርሰው የእኔ ስም ሳይሆን የእማዬ ግድግዳ ነው። ይህን ሳስብ ሠላሳ ሺህ ርካሽ ይሆንብኛል። እማዬን ብጠይቃት «እኔ ልብስ ነው የማውቀው፤ ታላቅሽን ጠይቂ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤቱ የአንቺም ነው፤ ሁለተኛ ተከሳሽ ነሽ፤ ሳልጠይቅሽ አንድ ጊዜ ለክቻለሁ፣ ዳግመኛ አላደርገውም።

«ጠበቃ ይቁም» ብለሽ ከጻፍሽልኝ በደረሰኝ ቀን አቆማለሁ። የመጀመሪያውን አሥር ሺህ ከቢሮው የቁጠባ ማኅበር እበደራለሁ፤ ጠይቄአለሁ፣ ይሰጡኛል። «አንቺው ቁሚ» ካልሽም እቆማለሁ። ገንዘብ ከላክሽ ግን እመልሰዋለሁ። ያ ያጠራቀምሽው የነርስነት ትምህርትሽ ነው። የእኔን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቺ ከፍለሻል፤ አሁን ደግሞ ትምህርቴ ያመጣውን ጣጣ በአንቺ ትምህርት ከከፈልነው እኔ ምንም አልተማርኩም ማለት ነው። ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ መሆኑን ባለቤትሽ ነግሮኛል፤ አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። ተመዝግበሽ የተቀበልሽውን ደረሰኝ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። አላምንሽም።

በስምሽ እንድንቆም የሚያስችለንን የአንቺን ውክልና ግን የትኛውንም ብትመርጪ እንፈልገዋለን። ረቂቁን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ እዚያ ውክልና በሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት አስመስክረሽ፣ ስምሽን ልክ እንደ መታወቂያሽ አድርገሽ፣ መልሱን የምናስገባበት ቀን ሳያልፍ በፈጣን ፖስታ ላኪው። መልስሽንም ከእሱ ጋር። አንድ መስመር ይበቃኛል።

እማዬ ለችሎቱ ቀን ጃኬት እየሰፋችልኝ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ። ጠበቃ ቢቆምም ባይቆምም መቅረብሽ አይቀርም ትላለች። ያን ሁሉ የደንብ ልብስ ትታ ቁልፎቹን ሦስት ጊዜ ፈትታ ተከለቻቸው። «ምን ያደርጋል እማዬ፣ ስህተቴን ልናገር አይደል የምሄደው?» ብላት ቀና ብላ ሳታይ «ስህተቱን የሚናገር ሰው ልብሱም የተሳሳተ እንዳይሆን ነው» አለችኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ስላስለፈለፍኩት ይቅር ይበለኝ። ትልቋን ልጅሽን ጥርሷ በወለቀበት በኩል ሳሚልኝ። ትንሹን ሁለቱንም እግሩን ሳሚልኝ፣ ካልሲ ያለውንም የሌለውንም። ልጆቹን የሚጠብቁልሽን የታችኛው ቤት እናት ደግሞ፣ እማዬ «እጅዎ አይድከም» ብላቸዋለች። ላንቺ የላከችው ሰላምታ ደግሞ ብዙ ነው፤ ግማሹ ሰላምታ ግማሹ «በልተሻል ወይ» ስለሆነ በልተሽ ጠብቂው። ወገብሽን አደራ። ከባድ ነገር ስታነሺ ሰው ጥሪ፤ ሁልጊዜ ከባዱን ጫፍ አንቺ አትያዢ።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ፣
ሦስተኛዋ ተከሳሽ

ከእማዬ ስፌት ክፍል፣ እስከ ዛሬ የእኛ ከሆነው
የካቲት 11 ቀን